ስለሚጮኽ ውሻና ስለ ጌታው ትዕግሥት

ሰው ባየ ጊዜ ኹሉ ጠጕሩን አቁሞ የሚጮኽ፥ ማሰሪያውን ሊበጥስ የሚንደረደር ውሻ በብዙ ሰው ዘንድ ክፉ ይባላል። ሌባ ለማስፈራት በግቢ የታሰረ እንደ ኾነ ይኸው ጠባዩ ያስመሰግነዋል፤ ከጌታው ጋራ በመንገድ ሲሄድ ግን ያስጠላዋል። ይልቁንም ጌታው ከሜዳ ወይም ከጨካኝ ሰው እጅ አንሥቶ ያስጠጋው እንደ ኾነ፥ «ይህ አስቀድሞ የተበላሸ ነው፤ ምን ትደክማለህ?» እያሉ ጎረቤቶቹ ይመክሩታል። ይህ ምክር የውሻውን ጩኸት ሰምቶ ፍርሀቱን ካለማየት የመጣ ነው። አስተውሎ ለተመለከተው፥ እንዲህ ያለው ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚጮኸው የሚፈራውን ነገር ከፊቱ ለማራቅ ነው። መንገደኛው በራሱ ጕዳይ አልፎ ይሄዳል፤ ውሻው ግን ጩኸቱ ያዳነው ይመስለዋልና በማግሥቱ አብልጦ ይጮኻል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ይህ ነገር በውሻ ላይ እንዴት እንደሚፈጸም ፓቭሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ ተመልክቶታል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. የሌኒንግራድ ከተማ በውኃ በተጥለቀለቀች ጊዜ፥ ውኃው የሊቁ ውሾች ወደሚኖሩበት ቤት ገባ፤ ውሾቹም በጭንቅ እየዋኙ ወጥተው ዳኑ። ከዚያ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ የተማረውን ኹሉ ያጣ ኾነ። ብዙ ተደክሞበት ትምህርቱ ከተመለሰለት በኋላም ጥቂት ውኃ ከበሩ ሥር ወደ ክፍሉ እንዲፈስ ቢደረግ፥ ወዲያው ተሸበረ፤ ትምህርቱም እንደገና ጠፋው። በዚያች ሰዓት የገባ እንግዳ ሰው፥ ወለሉ ላይ ካለችው ትንሽ ውኃ በቀር ሌላ ምክንያት ስለማያይ፥ ውሻውን ሞኝ ወይም እልከኛ ባለው ነበር። ከሜዳ የተነሣ ውሻም ባርኔጣ ያደረገ ሰው ወይም በትር የያዘ ሽማግሌ አይቶ ሲሸበር፥ የእርሱ ጐርፍ መቼና የት እንደ ነበረ ጌታው አያውቅም።

እንዲህ ያለውን ውሻ በበትር ዝም ማሰኘት ይቻላል። በትር የሚወዱ ሰዎች የሚመኩትም በዚህ ነው፤ ዝምታው ፈጥኖ ይመጣልና። ነገር ግን ዝም ያለው አፉ ነው እንጂ ልቡ አይደለም። እንግዳ በታየ ቍጥር ጀርባውን የሚመታ ውሻ፥ እንግዳ ሰው ሕመም ይዞ እንደሚመጣ ይማራል። ማጕረምረሙ ለሰው ኹሉ ማስጠንቀቂያ ነበረ፤ በማጕረምረሙ የተመታ እንደ ኾነ ግን ማስጠንቀቁን ትቶ በድንገት መንከስ ሊለምድ ይችላል። ያን ጊዜ ጌታው «ያለ ምክንያት ነከሰ» ብሎ ይከሰዋል።

ለተሻለው መንገድ ጥሩ ምሳሌ የሚኾነው የአንድ ሕፃን ታሪክ ነው። በዚያው በ1924 ዓ.ም. ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ጥንቸል እጅግ ስለሚፈራ ፒተር ስለሚባል ሕፃን ጽፋ አሳተመች። ልጁ አስቀድሞ ከማይፈሩ ልጆች ጋራ በመጫወት ጥቂት ድፍረት አግኝቶ ነበር። ነገር ግን ታሞ ሰንብቶ ከሐኪም ቤት ሲወጣ አንድ ትልቅ ውሻ ስላስደነገጠው የቀድሞው ፍርሀት ተመለሰበት። ሊቋም ተስፋ ሳትቈርጥ ሌላ መንገድ ያዘች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏ በሽቦ ቤት ኾና በሩቅ ትቀመጣለች፤ መብላቱን እስካልተወ ድረስ ጥቂት በጥቂት ትቀርባለች። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን ደባበሳት፤ ጣቶቹን ነከስ ነከስ ስታደርግም ዝም አላት።

ለውሻም ሥራው ይኸው ነው። ጌታው አስቀድሞ ውሻው እንግዳውን አይቶ የማይሸበርበትን ርቀት ይፈልጋል፤ አርባ እርምጃ ቢኾን አርባ፥ መቶ ቢኾን መቶ ነው። እንግዳው ብቅ ሲል ቍራጭ ሥጋ ይሰጠዋል፤ እንግዳው ሲሰወር ሥጋው ይቀራል። ሥጋው ከእንግዳው በፊት መውጣት የለበትም፤ አለዚያ ውሻው ሥጋውን ራሱን የክፉ ነገር ምልክት ያደርገዋል። የጮኸ እንደ ኾነ ርቀቱ አንሷል ማለት ነውና ጌታው ሳይቈጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ትምህርቱ በቀን ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ወራት ግን ይፈጃል። ከውሻው ይልቅ የጌታው ቍጣ ለመገራት የሚዘገይበት ጊዜም አለ። «ለሚጮኽ ውሻ ሥጋ መስጠት ለጩኸቱ ደመወዝ መክፈል ነው» የሚሉ አይታጡም። ፍርሀት ግን በደመወዝ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ በጨለማ የሚያለቅስ ልጅ ዳቦ ስለ ተሰጠው ጨለማን አብልጦ አይፈራም።

በ2007 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር፥ በአሜሪካ በቨርጂንያ ግዛት ማይክል ቪክ ከተባለው ዝነኛ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ርስት፥ እርስ በርሳቸው ለማናከስ የተያዙ 50 ያህል ውሾች ተወሰዱ። ሰውየውም ጥፋቱን አምኖ ታሰረ። ለእንስሳት በመራራት የታወቁ አንዳንድ ማኅበሮች እንኳ እነዚህ ውሾች ቢገደሉ ይሻላል አሉ። ፍርድ ቤቱ ግን አንድ በአንድ እንዲመረመሩ አዘዘ። ከተመረመሩት 49 ውሾች መካከል ስለ ክፋቱ እንዲሞት የተፈረደበት አንድ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ከክፉ ይልቅ ፈሪ ኾነው ተገኙ፤ ሰው ሲቀርባቸው ከመሬት ተለጥፈው ይንቀጠቀጡ ነበርና። ጆኒ የተባለው ከጊዜ በኋላ ንባብ ከሚለማመዱ ሕፃናት አጠገብ ተኝቶ ንባባቸውን የሚሰማ ውሻ ኾነ። በዩታ ግዛት በካናብ ወዳለው መጠለያ ከሄዱት 22 ውሾች መካከል ግን ኹለቱ እስከ ሞታቸው ከዚያ እንዳይወጡ ተፈርዶ ነበር፤ ትዕግሥት ኹሉንም ወደ አደባባይ አያወጣምና። «ይህ ኹሉ ገንዘብ ለድኻ ቢሰጥስ?» ለሚል፥ ከ900,000 ዶላር የሚበልጠውን የመጠበቂያ ወጪ የከፈለው በደለኛው ራሱ ነው።

ጌታው ይታገሥ ማለት ግን ጎረቤት ይነከስ ማለት አይደለም። ውሻውን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ሳያስከትብ፥ ጠንካራ ማሰሪያና እንደ አስፈላጊነቱ የአፍ መሸፈኛ ሳያደርግለት ወደ መንገድ የሚያወጣ ሰው፥ የሚታገሠው በሌላው ልጅ እግር ነው። ጠንቃቃው ልጆች ከሩቅ ሲመጡ ባየ ጊዜ ወደ ማዶው ይሻገራል። የሚያዩት ፈሪ ይሉታል፤ አንዳንዱም ይሥቃል። ውሻው በዚያ ማዶ ቆሞ ልጆቹን ያያቸዋል፤ ጆሮውን ያቆማል፤ ከዚያም ሳይጮኽ ወደ ጌታው እጅ ዞር ይላል።