የያማቶ አሮጌና አዲስ ሞዴል

የመርከብ ሞዴል መገጣጠም የልጆች መጫወቻ ነው እያሉ የሚያቃልሉት ብዙዎች ናቸው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ መርከብ ስለ ታሪክ፤ ስለ ማስረጃና ስለ ሥራ ጠባይ የምታስተምረው ብዙ ነገር አላት። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለ ጃፓን የጦር መርከቦች ሞዴል፤ ይልቁንም ስለ ያማቶ ነው። ይህን ሥራ ከሚወዱት ወዳጆቻችን መካከል «አዲሱ ከወጣ በኋላ አሮጌው ምን ይረባል? ይጣል!» የሚሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «የድሮውን የመሰለ የለም» ብለው ይሟገታሉ። ለእኛ ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር የሳቱት ይመስለናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ያማቶ ምን እንደ ነበረች አስቀድመን እንናገር። መርከቢቱ በኩሬ ከተማ በነበረው የጃፓን ባሕር ኀይል መርከብ መሥሪያ ተሠርታ በዲሴምበር 1941 ለአገልግሎት በቃች። ርዝመቷ 263 ሜትር፤ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ክብደቷ ወደ 72,000 ቶን ነበር። የዘጠኙ ታላላቅ መድፎቿ የአፈ ሙዝ ስፋት 46 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፤ ነገሩ በብርቱ ምስጢር ስለ ተያዘ በወረቀት ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ይባል ነበር። እኅቷ ሙሳሺ በኦክቶበር 1944 በፊሊፒን ደሴቶች መካከል ሰጠመች። ያማቶንም ወደ ኦኪናዋ ስትጓዝ በአፕሪል 7 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች አሰጠሟት። ከ3,000 በላይ ከነበሩት ባሕርተኞቿ በሕይወት የተገኙት 300 አይሞሉም። በዚያው ዓመት በኦገስት ጃፓን እጅዋን ስትሰጥ ስለ መርከቢቱ ከተጻፈውና ከተነሣው ፎቶግራፍ አብዛኛው በእሳት ተቃጠለ።

እንግዲህ የሞዴል ሠሪዎች ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። የዓይን ምስክሩ ባሕር ውስጥ፤ ወረቀቱ አመድ ሆኖ ሳለ መርከቢቱን በትክክል መሥራት እንዴት ይቻላል? የቀረው ከቃጠሎ የተረፈ ጥቂት ፕላን፤ ጥቂት ፎቶግራፍና በሕይወት የተረፉት ሰዎች ትዝታ ብቻ ነበር።

የሺዙኦካው የታሚያ ኩባንያ ሥራውን የጀመረው በእንጨት ሲሆን፤ በ1960 የመጀመሪያ የፕላስቲክ ሞዴሉን ሲያወጣ የመረጠው ያማቶን ነበር። መጠኑም ከእውነተኛዋ አንድ ስምንት መቶኛ ነው። በ1971 የሺዙኦካ አራት ኩባንያዎች የጃፓንን መርከቦች ተከፋፍለው አንድ ሰባት መቶኛ በሆነ መጠን ይሠሩ ጀመር። እነዚህም ከውኃው በታች የሚውለው ሆዳቸው ቀርቶ በባሕር ላይ የተንሳፈፉ መስለው የሚታዩ ናቸው። በ1978 ደግሞ ታሚያ አንድ ሦስት መቶ ኀምሳኛ የሆነችውን 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላትን ያማቶ አወጣ። እነዚህ አሮጌ ሞዴሎች ዛሬ ሲመረመሩ ጉድለት አይታጣባቸውም። ቢሆንም በነበረው ማስረጃ በቅን ልብ የተሠሩ ነበሩ። አንድ ተማሪም ምላጭና ማጣበቂያ ይዞ በጥቂት ምሽት ሊጨርሳቸው ይችል ነበር።

ከዚህ በኋላ ባሕሩ ራሱ መናገር ጀመረ። በ1985 የያማቶ ስብርባሪ ከ300 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ውስጥ ተገኘ። በ1999 በተደረገው ምርመራም ብዙ ነገር ታረመ። አንድ ምሳሌ እንስጥ። በመርከቢቱ ግንባር ላይ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ የአበባ አርማ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ተኩል ነው ሲባል ይኖር የነበረው፤ ሲለካ አንድ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በ75 ሴንቲ ሜትሩ ሞዴል ላይ ይህ ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ታዲያ ለዚህ ሲባል ሰው ይደክማል? አዎን፤ ይደክማል! በ1998 ታሚያ ትንሿን ያማቶ፤ በ2011 ደግሞ ትልቋን እንደገና ከመሠረቱ ሠርቶ አወጣ። አሮጌውን በአዲስ ሣጥን አሽሞንሙኖ መሸጥ ይቀል ነበር።

አዲሱ በሌላም በኩል ይበልጣል። በመርከብ ወለል ዳር የሚቆመው የመከታ ብረት ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢወፍር፤ በአንድ ሦስት መቶ ኀምሳኛ መጠን ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ያነሰ ይሆናል። ፕላስቲክ ይህን ያህል ሊቀጥን አይችልም። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር የፕላስቲክ ዘንግ በእውነተኛዋ መርከብ ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚወፍር ግንድ ማለት ነው። ስለዚህ በዛሬዎቹ ሞዴሎች ስስ የሆኑት ክፍሎች በአሲድ እየተበሉ ከናስ ቆርቆሮ ይሠራሉ።

ነገር ግን አዲስ ስለ ሆነ ብቻ የተሻለ ነው ማለት አይገባም። የዛሬው ሣጥን ሲከፈት በወረንጦ እንጂ በጣት የማይያዝ ብዙ ክፍል ይወጣል። ጀማሪው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ አዋቂውም እያንዳንዷን ጥቃቅን ነገር ሲያሳድድ መርከቢቱ ሳታልቅ ዓመት ያልፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

የእኛ ፍርድ እንደሚከተለው ነው። አዲሱ የሚመሰገነው በክፍሎቹ ብዛት ሳይሆን ሠሪዎቹ የገዛ ሥራቸውን ስሕተት አምነው ስላረሙ ነው። አሮጌውም ስለ ተሳሳተ ሊናቅ አይገባም፤ ያልነበረውን ማስረጃ ከየት ያመጣ ነበር? የሚወቀስ ቢኖር ማስረጃው እጁ ከገባ በኋላ «እንዲህ ሲሠራ ኖሯል» ብሎ ስሕተቱን የሚያቆየው ነው። ይህ ዓይነቱ ሰው ደግሞ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም።

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ለሚይዙት ወጣቶችም አንድ ቃል አለን። በጥቂት ቀን የተቃጠለ ወረቀት የደበቀውን ነገር ለማግኘት ሰዎች አርባ ዓመት ጠብቀው ወደ ባሕር ወለል መውረድ አስፈለጋቸው። ዛሬ እንደ ተራ ነገር የምንቆጥረው ፋይል ለነገው መርማሪ ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም፤ ሞዴሉ አሮጌም ሆነ አዲስ፤ ከዚያች መርከብ ጋር ወደ 3,000 የሚደርሱ ሰዎች መስጠማቸውን የሚያስረሳን ከሆነ ሁለቱም ከመጫወቻ አያልፉም። ስለዚህ አሮጌ ሞዴል ያለው ወዳጃችን አይጣለው። የተሠራበትን ዓመት በማስቀመጫው ላይ ጽፎ ከአዲሱ አጠገብ ያኑረው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሰው ምን ያህል እንደ ተማረ ያሳዩታል።