በሽታውን የደበቀው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በሽተኛው መቼ ደበቀ? ሰሚ ነው ያጣው!

የሕክምና ተማሪያችን የውስጥ ደዌን በእንግሊዝኛ ይማራል፤ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። አልጋ ላይ የተኛው ገበሬ ግን «ብርድ መታኝ»፣ «ኩላሊቴን ያዘኝ»፣ «ወፍ ነው መሰል» ይላል። ብርዱ ሳንባ ይሁን ጡንቻ፣ «ኩላሊት» ያለው ወገቡን ይሁን፣ ዓይኑን ቢጫ ያደረገው ጉበቱ ይሁን መጠየቅ ይፈልጋል። «ፔይን» ብሎ ጽፎ ላለፈ ሐኪም ሁሉም አንድ ነው።

«ቃል የእናንተ የሥነ ጽሑፎች ጣጣ ነው» የሚለን አይጠፋም። እንዴት ተደርጎ! በ1975 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሃምፕተንና ባልደረቦቹ 80 አዲስ ተመላላሽ በሽተኞችን አጥንተው ነበር። የ66ቱ በሽታ የታወቀው የላኪው ሐኪም ደብዳቤ ተነቦ፣ ታሪካቸው ተሰምቶ ብቻ ነው። የአካል ምርመራ የረዳው በ7ቱ፣ ላቦራቶሪ በ7ቱ! ላቦራቶሪ በራቀበት ጤና ጣቢያማ ምን ይባላል?

እንግሊዝኛው ይቅር አላልንም፤ መጽሐፉ በእሱ ነው። የበሽተኛው አነጋገር ግን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም በሶማልኛም፣ እንደ ልብ ትርታ በክፍል ይሰጥ፤ በፈተናም ይምጣ! የማይፈተኑበትን ማን ያጠናል?

እስከዚያው ድረስ ግን በሽታውን የደበቀው በሽተኛው ነው አትበሉን።