ፍልፈል የሚመስል ሁሉ

በማርኬቲንግ ሥራ ደንበኛን በዕድሜ፣ በሰፈርና በገቢ መመደብ የዕለት እንጀራችን ነው። ለዚህም ይሆናል ሌሎች እንዴት እንደሚመድቡ ማንበብ የምወደው። የዚህ ወር ንባቤ ስለ ፍልፈል ነው።

ልጅዎ የፈረንጅ ተረት መጽሐፍ ላይ ፍልፈል ቢያሳይዎት፣ ያ እንስሳ የእኛ ፍልፈል አይደለም። የእኛው፣ የባሌ ቀይ ቀበሮ አድኖ የሚበላው፣ ከአይጥ ወገን ነው። የአውሮፓው አካፋ በመሰሉ መዳፎቹ እየቆፈረ የመሬት ትል ይበላል፤ አይጥ አይደለም። የደቡብ አፍሪካው ወርቃማ ፍልፈል ከሁለቱም ይልቅ ለዝሆን ይቀርባል። የአውስትራሊያው ደግሞ እንደ ካንጋሮ ልጁን በኪሱ ያሳድጋል። ሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው ያመሳሰላቸው ሥራቸው ነው፤ መሬት ውስጥ ለሚኖር ትንሽ ዓይንና አጭር፣ ጠንካራ ክንድ ይበቃዋል።

በሕይወት ያሉትን ዲኤንኤ ይለያቸዋል። ከጠፉ ሚሊዮን ዓመታት ላለፋቸው ግን የቀረን አጥንት ብቻ ነው፤ ያውም የሚያሳስት አጥንት።

እ.ኤ.አ. በ1891 አርጀንቲናዊው ፍሎሬንቲኖ አሜጊኖ በፓታጎኒያ ለተገኘ ቆፋሪ እንስሳ “ኔክሮሌስቴስ” የሚል ስም ሰጠው፤ “መቃብር ዘራፊ” ማለት ነው። (እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ሰው የእኛ ቢሮ ቢኖር!) ዕድሜው 16 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። አንዱ የወርቃማ ፍልፈል ዘመድ ነው ሲል፣ ሌላው ባለ ኪስ ነው ይላል። ክንዱን ላየ ሁሉም እውነት ይመስላል፤ ክንድ ግን የሚናገረው ስለ ሥራው እንጂ ስለ ዘሩ አይደለም።

በ2012 ጊዬርሞ ሩዥዬ፣ ጆን ዋይብልና ባልደረቦቻቸው መልሱን አገኙ። አጥንቱ ላይ የተጣበቀው ድንጋይ እንደገና ሲጸዳ ቀድሞ ያልታዩ ነገሮች ብቅ አሉ። ጥርሱንና የራስ ቅሉን ሩዥዬ ራሱ ከአንድ ዓመት በፊት ይፋ ካደረገው ክሮኖፒዮ ከተባለ የዳይኖሰር ዘመን ትንሽ አጥቢ ጋር አስተያዩት። ኔክሮሌስቴስ ወርቃማ ፍልፈልም፣ ባለ ኪስም አልነበረም። ከጥንት ጠፋ ተብሎ የታመነው የክሮኖፒዮ ወገን ነበር፤ ዳይኖሰሮች ካለቁ በኋላ ከ45 ሚሊዮን ዓመት በላይ ጉድጓዱ ውስጥ ኖሯል።

እኔን የገረመኝ ማስረጃው አዲስ አለመሆኑ ነው። አጥንቱ ከ1891 ጀምሮ በተመራማሪዎች እጅ ነበር። በሌላ መደብ ስለተቀመጠ ግን የአንድ ሙሉ ዘር ዕድሜ በ45 ሚሊዮን ዓመት አጥሮ ሲጻፍ ኖረ። ዛሬ ከዚያ ወገን አንድም የተረፈ የለም።