የጁገል መንገደኛና የአውሮፕላኑ አጥር



በዚህ ገጽ ላይ «ለሐረር የአውሮፕላን ማረፊያ እንሠራለን» የሚል ቃል የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ያን ቃል አንሰጥም። ድሬዳዋ በ50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጅጅጋ በ100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሁለቱም ማረፊያ ይዘው ሳለ፣ በመካከላቸው ሦስተኛ ለመሥራት የሕዝብ ገንዘብ እናፈሳለን ማለት ድምፅ ለማግኘት መዋሸት ይሆንብናል። (በስማችን የሚጠራው ሐረር ሜዳ እንኳ ያለው ቢሾፍቱ ነው!) የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ከእነዚህ ሁለት ማረፊያዎች የሚነሣውን አውሮፕላን ማን ያበራል? ስንት ሰዓት ላይ ይነሣል? ዋጋውንስ ማን ይቆርጣል?

ሐረር በመጓጓዣ ጉዳይ ስትታለፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ወደ እኛ አቅጣጫ ሲመጣ ተራራውን መውጣት ከብዶት ቆላ ላይ ቀረ፤ እዚያ የተቆረቆረችው ከተማም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ኋላ ድሬዳዋ ሆነች። አውሮፕላኑም የባቡሩን ፈለግ ተከተለ። የድሬዳዋው ማረፊያ በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ስም ይጠራል፤ ደጃዝማች ይልማ የራስ መኰንን ልጅ፣ የሐረር ገዥም ነበሩ። ስሙ የእኛ፣ ማረፊያው የጎረቤት ሆነ ማለት ነው። በዚህ ቅሬታ የለንም፤ ድሬዳዋ እህታችን ናት።

ቅሬታችን የሚጀምረው ከመንገዱ ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአየር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከጁገል ተነሥቶ አወዳይንና ሐረማያን አልፎ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዶ አውሮፕላን ለሚይዝ ሰው ግን ጉዞው የአንድ ሰዓት አይደለም። በረራው የማለዳ ከሆነ ሚኒባስ ሥራ ሳይጀምር ኮንትራት መያዝ ወይም ማታውኑ ወርዶ ድሬዳዋ ማደር ግድ ይለዋል። የበረራ ሰዓት ሲለወጥ የድሬዳዋ ሰው ቤቱ ተመልሶ ይተኛል፤ የሐረር ሰው አልጋ ይከራያል። ከሕይወት ፋና ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ የተላከ ሕመምተኛ ይዞ ለወረደ ቤተሰብ ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። በመኪና እንዳይሄድ ደግሞ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በአንድ ነገር እንዳንታማ አስቀድመን እንናገር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ ሳይወድቅ የኖረ፣ በዓለም ፊት አንገታችንን ቀና የሚያደርግ የሕዝብ ሀብት ነው። ይሸጥ አንልም። የምንቃወመው በአገር ውስጥ መስመር ዙሪያ በሕግ የታጠረለትን አጥር ነው።

አጥሩ እንዴት እንደታጠረ እንመልከት። የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 84/1995 የግል ባለሀብት ከ20 በላይ መቀመጫ ባለው አውሮፕላን መንገደኛ እንዳያጓጉዝ ገደበ። እስከ 2012 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረው ደንብ ቁጥር 270/2005 ጣሪያውን ወደ 50 ከፍ አደረገው። ነገር ግን የመንግሥቱ አየር መንገድ ከ70 በላይ መቀመጫ ያላቸውን ኪው 400 አውሮፕላኖች ማስገባት የጀመረው ከዚያ በፊት፣ በ2002 ዓ.ም. ነበር። የቀረው የገበያ ሒሳብ ነው። የአብራሪ ደመወዝ፣ የጥገና፣ የመለዋወጫና የኢንሹራንስ ወጪ በ20 ሰው ሲካፈልና በ70 ሰው ሲካፈል በየመቀመጫው የሚደርሰው ብር አንድ አይደለም። የመቀመጫ ገደቡ እንግዲህ የዋጋ ገደብ ነበር፤ የግሉ ድርጅት ገና ከመሬት ሳይነሣ ተወደደ። አቢሲኒያ ፍላይት ሰርቪስንና ናሽናል ኤርዌይስን የመሳሰሉ ድርጅቶች በአብዛኛው በቻርተር ሥራ መወሰናቸው ሊያስገርም አይገባም።

በዚህ ላይ በ2009 ዓ.ም. የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር እንዲዋሐድ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ሊፎካከር የሚመጣ ሁሉ የማረፊያ ቦታ የሚለምነው ከተፎካካሪው ነው። በኳስ ሜዳ ቢሆን ተመልካቹ ይጮኽ ነበር።

«ትርፋማው መስመር የከሳሪውን ጉድለት ይሸፍናል፤ ውድድር ከገባ ሩቅ ከተሞች ይቀራሉ» የሚል መከራከሪያ እንሰማለን። መከራከሪያው ከንቱ አይደለም። መልሳችን ድጎማው ከትኬት ውስጥ ይውጣና በበጀት ላይ በግልጽ ይታይ የሚል ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1994 የመንግሥትን ብቸኝነት በሕግ ሻረች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ አነስተኛ ከተሞችን ለሚያገናኝ አየር መንገድ በጨረታ ድጎማ መስጠት ጀመረች። በጎረቤታችን ኬንያ የአገር ውስጥ መንገደኛ ጃምቦጄትንና ሳፋሪሊንክን አማርጦ ይሳፈራል። ውድድር ሁሉን ያሳምራል ብለንም አናታልልም፤ በዚያችው ሕንድ ኪንግፊሸር እ.ኤ.አ. በ2012፣ ጄት ኤርዌይስ በ2019 በረራ ሲያቆሙ ትኬት የገዛው ሕዝብ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ የመንገደኛውን ገንዘብ የሚመልስ ዋስትና በባንክ እንዲያስይዝ ሕግ እናወጣለን።

ከተመረጥን ማረፊያዎቹን ከአየር መንገዱ ለይተን ለሁሉም በአንድ ታሪፍ የሚያገለግል ራሱን የቻለ ድርጅት እናደርጋቸዋለን። በአገር ውስጥ መስመር የመቀመጫ ቁጥር ዳግም የፈቃድ መስፈርት አይሆንም፤ መስፈርቱ የደኅንነት ብቃት ብቻ ይሆናል። የበረራ ሰዓት የለወጠ ማንኛውም አየር መንገድ፣ የመንግሥቱም ቢሆን፣ የመንገደኛውን የማደሪያ ወጪ ይችላል።

ለውጡ በመጀመሪያ የሚታየው ደግሞ በሐረር ነው ብለን እናምናለን። የአብዛኛው ከተማ ሰው ያለው አንድ ማረፊያ ነው፤ እኛ ግን በደንገጎ ወርደን ድሬዳዋን ወይም በባቢሌ በኩል ጅጅጋን መምረጥ እንችላለን። ጁገል በ1998 ዓ.ም.፣ ሸዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበው እንግዳ ይጠራሉ፤ በውጭ የሚኖረው ወገናችንም ለበዓሉ ይመጣል። ዛሬ ወደ ሁለቱም ማረፊያ የሚያደርሰው አየር መንገድ አንድ ነውና በሁለት ማረፊያ መካከል መኖራችን ምንም አልጠቀመንም። ሁለት ድርጅቶች ሲሆኑ አንዱ የማለዳውን፣ ሌላው የከሰዓቱን ሰዓት ይዞ እኛን ለመውሰድ ይሻማል፤ የሐረር ሰውም ቁርሱን ቤቱ በልቶ ይነሣል።