ጥላና የፀሐይ መብራት



መብራት ሲጠፋ እንዳልቸገር በማለት ወልቂጤ በሚገኘው ቤቴ ጣራ ላይ ሁለት የሶላር ሰሌዳ አስተክዬ ነበር። ነገር ግን የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ከቀትር በኋላ አንደኛውን ሲያጠላው ባትሪው ጨርሶ መሞላቱን ያቆማል።

ምክንያቱ የሽቦው አያያዝ ነው። ባለ 12 ቮልት የሆኑት ሁለቱ ሰሌዳዎች በተከታታይ ታስረው ባለ 24 ቮልት ባትሪ ይሞላሉ። ዲዮድ የተባለው መሻገሪያ ጥላ ያረፈበትን ዘልሎ ቢያልፍም፣ የቀረው ሰሌዳ ብቻውን የሚሰጠው 18 ቮልት ገደማ ስለ ሆነ ለባትሪው አይበቃም። ጎን ለጎን ታስረው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቢሞሉ ኖሮ ግማሹ ኃይል በተረፈልኝ ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህኛው አያያዝ ወፍራም ሽቦ ስለሚጠይቅ ወጪ ይጨምራል።

ባሕር ዛፉ የጎረቤቴ ጥሪት ነውና ቁረጥ አልለውም፤ ጉዳቱም የእኔው ብቻ ነው። ለጤና ኬላና ለትምህርት ቤት ሶላር የምንገዛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን የሕዝብ ገንዘብ ባለዐደራዎች ነን። ስለዚህ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ውል ከመፈረማችን በፊት ጥላው ከጧት እስከ ማታ የት እንደሚያርፍ ይመርመር፤ የሽቦውም አያያዝ በውሉ ላይ ይጻፍ እላለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከወልቂጤ