«ሐሩር» የተባለው አገር የት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዓመት ሊያስተምሩ ከሰሜን አውሮፓ ወደ ፋኩልቲያችን የመጡ አንድ አዛውንት የፊዚክስ መምህር ነበሩ። አዲስ አበባ የገቡት በሐምሌ ወር አጋማሽ ነው። በሻንጣቸው ውስጥ ስስ የጥጥ ልብሶች፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የአልጋ አጎበር፣ ለብዙ ወራት የሚበቃ የወባ መከላከያ ኪኒን፣ እንዲሁም በአገራቸው ቋንቋ ወደ ሐሩር ክልል ለሚጓዙ ሰዎች የተዘጋጀች አንዲት ትንሽ የምክር መጽሐፍ ነበረች። ይህን ሁሉ ተሸክመው መጥተው በማግሥቱ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ወፍራም ብርድ ልብስ የት እንደሚገኝ ነበር። ሽሮ ሜዳ ወስጃቸው ጋቢ ገዛን።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው ግን እኔን ነካኝ። ቦሎቄ ሌሊቱን ዘፍዝፈው አድረው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ቢቀቅሉትም አልበስል ብሏቸዋል። «ለመሆኑ ውኃ በዚህ ከተማ በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው?» አሉኝ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የያዝኩትን ቁጥር «በመቶ» ብዬ መለስኩ። ዝም ብለው ወደ ወጥ ቤታቸው ወሰዱኝና ከሚንተከተከው ድስት ውስጥ ቴርሞሜትር ነከሩ። 92 ላይ ቆመ። «ቴርሞሜትሩ ሳይበላሽ አይቀርም» አልኩ። እሳቸው ግን ከምድጃው አጠገብ ወረቀት አንሥተው ማስላት ጀምረው ነበር። ባለፈው ወሰነ ትምህርት ስለ ተን ግፊትና ስለ መፍሊያ ነጥብ ያስተማርኩት፣ ቀመሩንም ከነማረጋገጫው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔው ነበርኩ። ውጭ አገር ሄጄ ዶክትሬት የያዝኩበት ጥናት ሙቀትን የሚመለከት መሆኑን ብጨምርበት፣ አንባቢ ምን ያህል እንዳፈርኩ መገመት አያቅተውም።

የእንግዳዬ መጽሐፍና እኔ የሠራነው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። መጽሐፏ አንድን ሰፊ የምድር ቀበቶ በአንድ ቃል ጠቅልላ ሞቃት አደረገችው፤ እኔ ደግሞ በባሕር ጠለል ላይ የተለካን ቁጥር አራት ኪሎ ላይ አዋልኩት። ሁለታችንም ከፍታን ረስተናል።

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። «ትሮፒክ» ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን መሠረቱ መዞር ማለት ነው። ፀሐይ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተጉዛ የምትመለስባቸው ሁለት መስመሮች፣ ከምድር ወገብ በላይና በታች 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ያሉት፣ የክልሉ ድንበሮች ናቸው። ቃሉ የሚናገረው ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትቆምበት ማዕዘን ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሐሩር» ተባለ፤ ሐሩር ደግሞ ብርቱ ሙቀት፣ የሚያቃጥል ነገር ነው። በአንድ የትርጉም ሥራ የማዕዘን ጉዳይ የሙቀት ጉዳይ ሆኖ ቀረ። አገራችን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ስለምትገኝ አንድም ስንዝር ሳይቀር በዚህ ክልል ውስጥ ናት። ሆኖም በዚሁ ክልል ውስጥ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርደው ዳሎል አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው ራስ ዳሸንም እዚሁ ነው፤ በዚያ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል።

የአገራችን ገበሬ ይህን ከማንም መጽሐፍ ቀድሞ ያውቀዋል። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ሲከፋፍል መለኪያው ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሙቀት ይቀንሳል። የአየሩ ግፊትም እንዲሁ ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ላይ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። የመፍሊያው ነጥብ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብሎ መያዝ ለወጥ ቤት ሥራ ይበቃል። በዚህ ስሌት ጋምቤላ ላይ 98፣ ደብረ ብርሃን ላይ 91 ገደማ ይሆናል።

የእንግዳዬ ቦሎቄ ምሥጢር ይኸው ነው። እሳት ቢጨመርበት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። የሚያዋጣው ክዳኑ ግፊት የሚይዝ የግፊት ድስት ነው፤ እሳቸውም በመጨረሻ እሱኑ ገዙ። የመጠጥ ውኃን በተመለከተ ግን ፍርሃታቸው አላስፈላጊ ነበር። ሆድ የሚያሳምሙት ተሕዋስያን ከ92 ዲግሪ እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት ይሞታሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሦስት ደቂቃ ይፍላ የሚለው የተለመደ ምክር ለጥንቃቄ የታከለ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ማፍላት ከሰል ከማባከን በቀር የሚጨምረው የለም።

ፀሐይን በተመለከተ ደግሞ መጽሐፏ ልክ ነበረች፤ ምክንያቷ ግን ልክ አልነበረም። ባርኔጣውን የምትመክረው ለሙቀት ስትል ነው። እንግዳዬ በጥቅምት አንድ ቀን እንጦጦ ወጥተው፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለነበረ ባርኔጣውን አውልቀው ሲዘዋወሩ ውለው አንገታቸው ተላጠ። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር ግንኙነት የለውም። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከላያችን የቀረው አየር ስስ ነውና። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 24 ገደማ፣ በቀትር ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይሸፍንልናል፤ የሚያዝያውን የሚሸፍንልን የለም። (ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ቃል፦ ከአሜሪካ በ120 ቮልት የሚሠራ የፀጉር ማድረቂያ ይዞ የሚመጣ ሰው፣ እዚህ ባለው 220 ቮልት ላይ ከሰካው ኃይሉ በቮልቱ ስኩዌር ልክ አድጎ ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚሆን አስቀድሞ ያስላ። ከተቃጠለ በኋላ ማስላቱ አይጠቅምም።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ኪኒኑና ወደ አጎበሩ እንለፍ። የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ትንኟ ከታመመ ሰው ደም ከጠጣች በኋላ ወዲያው ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። በትንኟ ሰውነት ውስጥ ማደግ አለበት፤ ዕድገቱ የሚወሰነው ደግሞ በአካባቢው ሙቀት ነው። ለብርቱው የወባ ዓይነት፣ ለፋልሲፓረም፣ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ቀላል ቀመር አለ፦ 111ን ከ16 በላይ ባለው ዲግሪ ማካፈል ነው። አማካይ ሙቀቱ 27 ዲግሪ በሆነ ቦታ 111 ለ11 ሲካፈል 10 ቀን ይሆናል። 20 ዲግሪ ላይ 28 ቀን ይፈልጋል። አማካዩ 16 ገደማ በሆነው አዲስ አበባ ላይ አካፋዩ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ተሕዋሱ ሳያድግ ትንኟ ትሞታለች።

ትንኞች በየቀኑ ከአሥር አንዷ ትሞታለች ብለን ለምሳሌ እንውሰድ። እስከ 10 ቀን የምትተርፈው 0.9 በአሥር ከፍታ፣ ማለትም ከመቶ 35 ያህል ናት። እስከ 28 ቀን የምትዘልቀው ከመቶ 5 ብቻ ናት። የሰባት እጥፍ ልዩነት! አሁን ደግሞ ሁለቱንም ቦታዎች በአንድ ዲግሪ ብናሞቃቸው፣ በቆላው 10 የነበረው ቀን ወደ 9 ገደማ ይወርዳል። በወይና ደጋው ግን 28 የነበረው ወደ 22 ያሽቆለቁላል። አንድ ዲግሪ ብርቱ ለውጥ የምታመጣው በዳር ላይ፣ ሰዎች ወባን በማይጠብቁበትና ሰውነታቸው ባልለመደው ከፍታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ የወጣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል።

እንግዲህ አዲስ አበባ ተቀምጠው ኪኒን የሚውጡት እንግዳዬ ነበሩ። (ኋላ ሐኪማቸውን አማክረው ትተውታል።) በዚያው ክረምት ማብቂያ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው የጎንደር ደጋ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወረዱ፤ በየዓመቱ ይወርዳሉ። የሚወርዱት ከ1,400 ሜትር በላይ ነው፤ በሙቀት ሲተመን 9 ዲግሪ ያህል። በአጨዳው ቦታ ብዙዎቹ ያለ አጎበር በሜዳ ያድራሉ። ወባው አለ፤ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ሥር የሚራባው የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው ካላ-አዛርም አለ። ወደ ሐሩር የሄደው ማን ነው? ከሰሜን አውሮፓ አራት ኪሎ የመጣው ወይስ ከዳባት መተማ የወረደው? ለመጀመሪያው መጽሐፍ ታትሞለታል። ለሁለተኛው አንድ ገጽ እንኳ በእጁ የሚሰጠው ያለ አይመስለኝም።

ይህ ያለ ምክንያት የሆነ አይደለም። በለንደን የሐሩር ሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1899 ሲቋቋም፣ ዋና ዓላማው ወደ ቅኝ ግዛቶች የሚሄዱ ሐኪሞችን ማዘጋጀት ነበር። የምክር መጻሕፍቱም የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው፤ የሚያነጋግሩት ከዚያ የሚመጣውን ሰው ነው። እነሱን አልወቅስም፤ ለአንባቢያቸው ጽፈዋል። የምወቅሰው ለራሳችን ተጓዥ ያልጻፍነውን እኛን ነው።

ከተጓዦቹም መካከል ይህን መጽሔት የምታነቡት ትገኙበታላችሁ። የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር ከደብረ ብርሃን ጋምቤላ፣ ከፍቼ ሰመራ፣ ከደብረ ታቦር ድሬዳዋ የሚደርሰው ተማሪ አለ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ቆሎ ይዞ ይጓዛል። በልብሱ የእንግዳዬን ስሕተት ገልብጦ ይደግመዋል ማለት ነው። ሰመራ ላይ የአየሩ ሙቀት ከቆዳው ሙቀት ሲበልጥ፣ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወግድበት መንገድ የላብ ትነት ብቻ ይሆናል። ያረፈ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ በ24 ሰዓት 8.6 ሜጋጁል ማለት ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2.4 ሜጋጁል ይወስዳል። አካፍሉት፤ ዝም ብሎ ለተኛ ሰው እንኳ ከሦስት ሊትር ተኩል በላይ ውኃ ነው፤ ሙቀቱ ቀንና ሌሊት በዚያው ከቆየ። በደጋ አገር በቀን ሁለት ብርጭቆ የለመደ ልጅ ይህን ማን ይነግረዋል? ሰውነት ሙቀትን ለመላመድ አንድ ሁለት ሳምንት እንደሚፈልግስ? በደረቅ ሙቀት ከቬንቲሌተሩ ፊት እርጥብ ጨርቅ ትከሻ ላይ ማድረግ ከቬንቲሌተሩ ብቻ እጅግ እንደሚበልጥስ?

ድሬዳዋ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የትንኝ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ከሌሎቹ በተለየ በከተማ፣ በበርሜልና በውኃ ታንከር ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ለተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት ሆና ተገኝታለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከታመሙት መካከል ነበሩ። ወባ የክረምት ማብቂያና የረግረግ በሽታ ነው ብሎ ያደገ ተማሪ፣ በመኝታ ቤቱ ጓሮ ያለው ክዳን የሌለው በርሜል አያስጨንቀውም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ስናስብ፣ ነገሩ ለሌላ ጊዜ የሚተው አይመስለኝም።

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ተማሪዎችን የሚመድበው አካል ከምደባው ጋር አንዲት ገጽ ያያይዝ። በገጹ ላይ የከተማው ከፍታ፣ የወራቱ ሙቀት፣ የሚጠጣው ውኃ መጠን፣ አጎበር የሚያስፈልግባቸው ወራት ይጻፉ። አንድ ዐረፍተ ነገር ደግሞ በደማቁ ይታተም፦ ከቆላ ወደ ደጋ ለዕረፍት የተመለሰ ተማሪ ትኩሳት ከያዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር፤ ለመርማሪውም የት ከርሞ እንደመጣ ይንገር። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ጤና ባለሙያ ሳይነገረው ወባን ላያስብ ይችላልና። የገጹን የፊዚክስ ክፍል የኛ ትምህርት ክፍል መጻፍ ይችላል፤ የሕክምናውን ክፍል የሚጽፉ ባለሙያዎችም ሩቅ አይደሉም።

ለጊዜው ግን ከናንተ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ከላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተዋሱ። ንጹሕ ውኃ አፍሉ፣ ጫፉ የድስቱን ታች ሳይነካ ልኩ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። የምታመጡትን ቁጥር ሰብስበን የአገሪቱን የመፍሊያ ነጥብ ካርታ በመጽሔታችን እናትማለን። የቀበሌውን ስምና የለካችሁበትን ቀን መጻፍ አትርሱ፤ ቴርሞሜትሩንም በጥጥ ጠቅልላችሁ ያዙት፣ ያሉን ጥቂት ናቸው።