ከአሊዩ አምባ መንገድ እስከ ፊደል

የገላጭ ሥዕልና የግራፊክ ዲዛይን መነሻ ብዙ ጊዜ ሩቅ አገር ይፈለጋል፤ አሊዩ አምባ ግን ቅርብ ናት። ከአንኮበር ቁልቁል የምትገኘው ይህች ከተማ በ19ኛው መቶ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች፤ አሞሌ፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ ባሪያም ሳይቀር ይሸጥባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በዚህች ከተማ በኩል ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተላከው የእንግሊዝ ልዑክ ጋር ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ነበር። የአፋርን ቆላና የሸዋን ደጋ የሚያሳዩ ሥዕሎቹ በ1852 በሊቶግራፍ ታትመዋል። የዘመኑን አለባበስና የቤት አሠራር ለሚያጠና ሠዓሊ ጠቃሚ ናቸው። ያም ሆኖ የእንግዳ ዓይን ሥራ ናቸውና እንዳሉ መቅዳት አያዋጣም።

ከውስጥ የመነጨ ሌላ መንገድ አለ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩት ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የግዕዝን ፊደል ሰባብረውና ዘርግተው የሥዕላቸው ዋና አካል አድርገውታል። ለፖስተር፣ ለመጽሐፍ ሽፋንና ለዓርማ ከዚህ የተሻለ ምንጭ ማግኘት ይከብዳል፤ በኮምፒዩተር የተዘጋጁት የፊደል ቅርጾች ግን ገና ጥቂት ናቸው። በአሊዩ አምባ ዙሪያ የሚኖሩት፣ በንግድና በሽመና የታወቁት አርጎባዎች ጥለትም ቀለምና ድግግሞሽን ያስተምራል።